ስፓይሩሊና ላይ መዳብና እርሳስ ጨምሬ ምንም አልሆነም፣ ጨው ግን ቀጥ አደረገው። ምንድነው ነገሩ?

የጭቱ_ውሃ
ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ማስተርስ ቲሲስ ላይ ነኝ፣ ርዕሴ ባጭሩ ሄቪ ሜታልና ጨው የስፓይሩሊናን (በፀሐይ ብርሃን የሚያድግ ጥቃቅን ሳይኖባክቴሪያ ነው) ፎቶሲንተሲስ ምን ያደርጉታል የሚል ነው። ስትሬኑ ከጭቱ ሀይቅ የመጣ ነው፣ ሻላ አጠገብ ያለችው ትንሿ፣ ፍላሚንጎ የሚርመሰመስባት። ሚዲያው (የማሳደጊያው ውሃ) ለስፓይሩሊና የተለመደው ዛሩክ ነው፣ ፒኤቹ 9.5 አካባቢ፣ የላቡ መደርደሪያ ላይ ነጭ ኤልኢዲ አለ፣ በቃ ይሄው ነው ሴትአፑ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መዳብ በሊትር 2 ሚሊግራም ጨመርኩ (በኮፐር ሰልፌት) ምንም። እርሳስ 5 ሚሊግራም ጨመርኩ አሁንም ምንም፣ እንደውም ከኮንትሮሉ ትንሽ በለጠ። በኦዲም (በውሃው ድፍርስነት) አየሁት በክሎሮፊልም አየሁት ያው ነው። የወጥ ጨው 0.5 ሞላር ስሰጠው ግን የመጀመሪያው ቀን ጭራሽ ቀጥ አለ፣ ከዛ ቀስ እያለ ተነሳ ግን ኮንትሮሉ ላይ አልደረሰም። አድቫይዘሬ ሜታል ይቋቋማል ብለሽ ጻፊውና እንለፍ እያለኝ ነው። እኔ ግን ያነበብኩት ሁሉ መዳብ በማይክሮሞላር ደረጃ ሳይኖባክቴሪያ ይገድላል ነው የሚለው፣ ታዲያ የኔዎቹ በምን ተለዩ? ጨውስ ለምን እንደዛ መታው፣ የጨው ሀይቅ ልጅ ሆኖ?


ቀይ_ዳማ
ማክሰኞ ማታ

ግማሹ አልገባኝም ግን ወንበሬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ስፓይሩሊና ያ ፋርማሲ የሚሸጠው አረንጓዴ ኪኒን ነው አይደል?


አሮጌው_ኬሚስት
ማክሰኞ ሌሊት

ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን "ይቋቋማል" የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳትጽፊው። ሚዲያሽን እስቲ አብረን እንየው።

ዛሩክ ውስጥ በሊትር 80 ሚሊግራም ኢዲቲኤ አለ፣ ሜታልን ጨብጦ የሚይዝ ኬሚካል ነው። ዳይሶዲየም የሚባለው ከሆነ በሞል ሲቆጠር ወደ 215 ማይክሮሞላር ይመጣል። አንቺ የጨመርሽው 2 ሚሊግራም መዳብ ስንት ነው? በ63.5 አካፍይው፣ 31 ማይክሮሞላር። እርሳሱም 5 ሚሊግራም በ207 ሲካፈል 24 ማይክሮሞላር ነው። ሚዲያው ውስጥ ያለው ብረት፣ 10 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት ነው አይደል፣ እሱ ቢይዝ የሚይዘው 36ቱን ነው። እንግዲህ መዳብሽን አንድ ሳይቀር ጨብጦ የሚይዝ ኢዲቲኤ ተርፎ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየምስ አይሻሙትም ወይ ትይኝ ይሆናል፣ ይሻሙታል፣ ግን ኢዲቲኤ መዳብን የሚይዝበት ጥንካሬ ካልሲየምን ከሚይዝበት በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ስለሚበልጥ ሽሚያው ሽሚያ አይባልም።

ኢዲቲኤው ቢያልቅ እንኳ ሌላ አለ። 16.8 ግራም ባይካርቦኔት ማለት 0.2 ሞላር ነው፣ ፒኤች 9.5 ላይ ከዛ ውስጥ ቀላል የማይባለው ካርቦኔት ሆኗል፣ እርሳስ ደግሞ ካርቦኔት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ሆኖ ስር ይዘቅጣል፣ ፎስፌቱም እንደዛው ያዘቅጠዋል። መዳብም ከካርቦኔት ጋር ይያያዛል። ሴሉን የሚጎዳው በአብዛኛው ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፈው አዮን ነው እንጂ ሚዛን ላይ የመዘንሽው አይደለም። አንቺ 2 ሚሊግራም ብለሽ ጽፈሻል፣ ሴሉ ያየው ግን ከዛ በሺዎች በሚቆጠር እጥፍ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ያነበብሻቸው ወረቀቶች ላይ በማይክሮሞላር ሞተ የሚሉት አብዛኞቹ ቢጂ-11 በሚባለው ሌላ ሚዲያ ውስጥ ወይ ከዛም በቀጠነ ውሃ ያሳደጉት ነው፣ ቢጂ-11 ላይ ኢዲቲኤው በሊትር 1 ሚሊግራም ብቻ ነው፣ ያንቺው ሰማንያ እጥፍ ነው።

እርሳሱ ከኮንትሮሉ በለጠ ያልሽው ደግሞ ስንት ሪፕሊኬት (ድግግሞሽ) ይዘሽ ነው? ሶስት ከሆነ እርሺው።


የጭቱ_ውሃ
ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ አዎ ሶስት ነው። ግን አንድ ነገር ልከራከርዎት። ስፓይሩሊና ላይ የሰራ ሰው ሁሉ እኮ ዛሩክ ነው የሚጠቀመው፣ በዛው ሚዲያ ሜታል ጨምረው ጎዳው ብለው ያሳተሙም አሉ። ደሞ ኢዲቲኤውን ባወጣው ብረቱ በዛ ፒኤች ዝገት ሆኖ ይወርዳል፣ ከዛ በብረት እጥረት ቢጫ ሲሆን መዳብ ነው ያጠቃው ብዬ ልጽፍ ነው? የሀይቁ ውሃ ውስጥስ ቢሆን ነጻ አዮን ከየት ይመጣል፣ ካርቦኔቱ እዛም አለ።


አሮጌው_ኬሚስት
ረቡዕ ጠዋት

ጎበዝ፣ ክርክር እንዲህ ነው። የመጨረሻዋ ነጥብሽ እንደውም ቲሲስሽ መሆን ያለባት እሷ ናት። ጭቱ ውስጥ ያለ ስፓይሩሊና ከመዳብ የሚድነው በራሱ ጉብዝና ነው ወይስ ውሃው ስለሚሸፍነው? ያንን ለመለየት ሁለቱንም ማየት አለብሽ።

ዛሩክ ውስጥ ጎዳው የሚሉት ምን ያህል እንደጨመሩ እይው፣ ብዙዎቹ ኢዲቲኤውን የሚያልፍ ብዛት ነው የሚጨምሩት፣ ልክ ኢዲቲኤው ሲሞላ ግራፉ ገደል ይገባል። ያን ገደል የሴሉ አቅም ነው ብለው ያስባሉ፣ የኢዲቲኤው አቅም ነው።

ለብረቱ ያልሽው ልክ ነው፣ ስለዚህ ቀናት የሚፈጅ እድገት ሳይሆን አጭር ሙከራ ስሪ። በሙሉ ዛሩክ አሳድጊው፣ ጤነኛ ሲሆን በወንፊት ለቅመሽ ኢዲቲኤ በሌለው ባይካርቦኔት እጠቢው፣ እዛው ውስጥ በትነሽ ሜታሉን ስጪውና ኦክስጅን ሲያወጣ ለካ። በሰዓታት ውስጥ የብረት እጥረት አይመጣም፣ ሴሉ ያጠራቀመው ይበቃዋል። ነጻውን አዮን ለማስላት ደግሞ ቪዡዋል ሚንቴክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው፣ የሚዲያሽን ዝርዝር አስገብተሽ ስንቱ ነጻ እንደሆነ ይሰጥሻል። ሪፖርትሽ ላይ ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጪ፣ የጨመርሽውንም ነጻ የሆነውንም።

እና ብርጭቆ እቃ ተይ፣ እርሳስ ብርጭቆ ላይ ይለጠፋል። ፕላስቲክ፣ በ10 ፐርሰንት ናይትሪክ አሲድ አሳድረሽ ያጠብሽው።


ሲያኖ_ሮስቶክ
ረቡዕ ከሰዓት

ከጀርመን ነኝ፣ ሳይኖ (ሳይኖባክቴሪያ) ላይ ነው የምሰራው (ስፓይሩሊና ሳይሆን ሲነኮሲስቲስ ነው የኔ)። ጋሼ ኬሚስትሪውን ጨርሰውታል፣ እኔ ውስጡ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልጨምር ምክንያቱም ዲስከሽንሽ ላይ "ፎቶሲንተሲስ ቀነሰ" ብለሽ ብቻ ብታልፊ ኤግዛሚነር ይይዝሻል፣ የቱ ጋር ነው የቀነሰው ይልሻል።

መዳብ መርዝም ምግብም ነው። ብርሃን የሚቀበሉት የፎቶሲንተሲስ ማሽኖች ሁለት ናቸው፣ ፎቶሲስተም 1ና 2፣ ኦክስጅን የሚያወጣው 2ኛው ነው። ኤሌክትሮን ወደ ፎቶሲስተም 1 የሚያደርሰው ፕላስቶሳያኒን የሚባለው ፕሮቲን መሀሉ ላይ መዳብ አለው። መዳብ ሲጠፋ ደግሞ ሲነኮሲስቲስና ብዙ ሌሎች ሳይኖዎች ብረት የያዘውን ሳይቶክሮም ሲ6 አውጥተው በቦታው ይተኩታል፣ ስራው አይቋረጥም፣ እኔ ይሄን ሳነብ እስካሁን ይገርመኛል። ሚዲያሽ ላይም የማይክሮ ኑትሪየንቱን ጠርሙስ እይው፣ ኮፐር ሰልፌት በሊትር ወደ 0.08 ሚሊግራም አለበት። ችግሩ ነጻው መዳብ ሲበዛ ነው፣ ያኔ ፎቶሲስተም 2 ላይ ይቀመጣል፣ ኦክሲጅን ራዲካልም ያስነሳል፣ ሴሉ መዳብ አስወጪ ፓምፖቹን ሁሉ ያበራል።

ሜርኩሪ ሌላ አውሬ ነው። ስፓይሩሊና ላይ ህንዶች በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሰሩት አለ፣ በጥቂት ማይክሮሞላር ፋይኮቢሊዞሙን ነው የሚያገኘው፣ ማለትም ብርሃን የሚለቅመው አንቴና፣ ፋይኮሳያኒን የለቀመውን ጉልበት ለፎቶሲስተም 2 ማስተላለፉን ይተዋል። ክሎሮፊል ብቻ እየለካሽ ይሄን በፍጹም አታዪውም፣ ክሎሮፊሉ ያው ነው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ በ620 አካባቢ ፋይኮሳያኒንም ለኪ።

ካድሚየም ደግሞ እንደ ሌባ የሌላውን በር ነው የሚጠቀመው፣ ካልሲየምና ማንጋኒዝ፣ ዚንክም፣ በሚገቡበት ይገባል። ኦክስጅን የሚያመነጨው ክላስተር አራት ማንጋኒዝና አንድ ካልሲየም ነው፣ አረንጓዴ አልጌ ላይ የታየው ካድሚየም የካልሲየሙን ቦታ የሚሻማው ክላስተሩ ገና ሲገጣጠም ነው። ስለዚህ ብርሃን በበዛ ቁጥር፣ ማለትም ፎቶሲስተም 2 ቶሎ ቶሎ እየፈረሰ ሲገጣጠም፣ ካድሚየም ይብሳል ብለሽ ብትጠብቂ ምክንያታዊ ነው።


ቤርሼባ_ሙላት
ረቡዕ ማታ

እህቴ የጨው ጥያቄሽ ተረስቶ ቀረ እኮ፣ እሱ ለኔ የሚጣፍጠው ክፍል ነው። እኔ እዚህ እስራኤል ደቡቡ በረሃ አልጌ እርሻ ላይ ነው የምሰራው፣ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ስዴ ቦከር ያለው ማዕከል ፕሮፌሰር ቮንሻክ ስፓይሩሊናን በጨውና በብርሃን ሲያሰቃዩት የኖሩበት ቦታ ነው፣ ብዙ ነገር ከነሱ ነው የተማርነው።

መጀመሪያ "የጨው ሀይቅ ልጅ" ያልሽው ላይ። ጭቱ የሶዳ ሀይቅ ናት፣ ጨውዋ በአብዛኛው ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ነው፣ ክሎራይድም አለ ግን ዋናው እሱ አይደለም። አንቺ የሰጠሽው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ባይካርቦኔት ለስፓይሩሊና ምግብም ነው፣ ካርበኑን የሚያገኘው ከሱ ነው፣ ክሎራይድ ግን ፎቶሲስተም 2 ከሚያስፈልገው ጥቂት በላይ ሲሆን ለፎቶሲንተሲሱ የሚያመጣለት ነገር የለም። የሚገርምሽ ይሄው የጭቱ ስትሬን ላይ ዶ/ር ኤልሳቤጥ ከበደ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት አለ፣ ክሎራይዱን ሰልፌቱንና ባይካርቦኔቱን ለየብቻ አድርገው እየጨመሩ አይተዋል፣ ጨው ሲጨምር እድገቱ ይወርዳል ግን የትኛው ጨው እንደሆነ ልዩነት አለው። ያን ሳታነቢ ቲሲስ አታስገቢ።

ሁለተኛ ያየሽው ነገር፣ አንድ ቀን ቆሞ መነሳቱ፣ ትክክለኛ የጨው ድንጋጤ ነው። መጀመሪያ ውሃ ከሴሉ ይወጣል፣ በደቂቃዎች ነው ይሄ። ከዛ ሶዲየም ይገባል፣ ሴሉ ደግሞ ሶዲየምን በፓምፕ እያስወጣ በምትኩ ስኳር ነገር ያመርታል፣ ስፓይሩሊና ላይ ግሉኮሲልግሊሴሮልና ትሬሃሎዝ ነው፣ ሮስቶክ ያለው ወንድማችን ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ያንን የሚሰራው ከፎቶሲንተሲስ ባገኘው ካርበንና ጉልበት ነው፣ ለዛ ነው ከተነሳ በኋላም ኮንትሮሉ ላይ የማይደርሰው፣ በየቀኑ ግብር እየከፈለ ነው የሚኖረው። ሪስፓይሬሽኑን ብትለኪው ጨምሮ ታገኚዋለሽ።

ሶስተኛውና ዋናው ብርሃን ነው። መደርደሪያሽ ላይ ስንት ማይክሮሞል ነው?


የጭቱ_ውሃ
ረቡዕ ማታ

40 አካባቢ ነው፣ በካሬ ሜትር በሰከንድ። ለምን ጠየቅሽኝ?


ቤርሼባ_ሙላት
ረቡዕ ማታ

ያው እንደፈራሁት። ጭቱ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 2000 ነው። 40 ላይ ጨውን መፈተን የጨውን ግማሽ ጉዳት መደበቅ ነው። ፎቶሲስተም 2 ላይ ዲ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ብርሃን ሁልጊዜ ያበላሸዋል፣ ጨው ኖረም አልኖረም፣ ሴሉም ሁልጊዜ አዲስ እያመረተ ይተካዋል። ጨው የሚመታው በዋናነት ማበላሸቱን አይደለም፣ መጠገኑን ነው፣ አዲስ ፕሮቲን ማምረቱን ያዳክመዋል። ጃፓን ሙራታና አላክቨርዲየቭ ሲነኮኮከስ የሚባል ሳይኖ ላይ ያሳዩት ይሄን ነው።


ቀይ_ዳማ
ረቡዕ ማታ

ለኛም ለተራው ሰው አንዴ በአማርኛ በይልን እባክሽ


ቤርሼባ_ሙላት
ረቡዕ ማታ

ሃሃ እሺ። ጎማህ ትንሽ ቀዳዳ አለው እንበል፣ በየመንገዱ በፓምፕ እየነፋህ ትሄዳለህ፣ ምንም አትሆንም። ጨው ቀዳዳውን አያሰፋውም፣ ፓምፕህን ነው የሚወስድብህ። ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ስትነዳ (ያ የሷ 40 ማይክሮሞል ነው) ልዩነቱ ብዙም አይታይህም፣ አስፋልት ወጥተህ ስትሸመጥጥ ግን ወዲያው ትቆማለህ።

የጭቱ፣ ለዚህ የሚሆን የታወቀ ሙከራ አለ። ሊንኮማይሲን ስጪው፣ ፕሮቲን ማምረቱን ያቆመዋል። በጠንካራ ብርሃን አራት አድርጊው፦ ያለ ምንም፣ ጨው ብቻ፣ ሊንኮማይሲን ብቻ፣ ሁለቱም። ሊንኮማይሲን ብቻ ያለውና ሁለቱም ያለበት እኩል ከወረዱ ጨው የሚያጠቃው ጥገናውን ነው ማለት ነው። ሁለቱም ያለበት ከሊንኮማይሲን ብቻው በጣም ከባሰ ግን ጨው ራሱም በቀጥታ ያበላሻል። ከዛ በጨው ፈንታ መዳብ አድርገሽ ድገሚው። ያኔ "ጨውና ሜታል ፎቶሲንተሲስን ይጎዳሉ" ብለሽ ሳይሆን አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ሶርቢቶልም ጨምሪ እንደ ኮንትሮል፣ ውሃ መሳቡን ያመጣል ሶዲየሙን ግን አያመጣም። እነ ሙራታ 1 ሞላር ሶርቢቶልን ከ0.5 ሞላር ጨው ጋር አወዳድረው የውሃው ጉዳት ሲያጥቡት ይመለሳል፣ ሶዲየሙ ገብቶ የሚያደርሰው ግን አይመለስም ብለዋል።


ሞጆ_ልጅ
ሐሙስ ጠዋት

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም ግን እስቲ ይሄን መልሱልኝ። ያደግኩት ሞጆ ነው፣ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውሃ ሞጆ ወንዝ ገብቶ ቆቃ ነው የሚገባው፣ ክሮሚየም አለው ሲባል ነው የኖርነው፣ ሽታውን ለማያውቅ ሰው መናገር አይቻልም። ቆቃ ግን በየጊዜው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ነው የሚመስለው። ሄቪ ሜታል ይሄን ነገር የሚገድለው ከሆነ ለምን አልገደለውም?


ሊምኖ_ዝዋይ
ሐሙስ ጠዋት

ሞጆ_ልጅ ይሄ እኮ ከክሩ ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ነው። ቆቃ ላይ ያለው ስፓይሩሊና ሳይሆን ማይክሮሲስቲስ ነው፣ ያ መርዛማው፣ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚያጠቃ መርዝ የሚያመርተው።

ቆዳ ሲለፋ የሚጠቀሙት ክሮሚየም በአብዛኛው ሶስተኛው አይነት ነው፣ ክሮሚየም 3። እሱ ውሃ ውስጥ ቶሎ ከጭቃና ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ተጣብቆ ስር ይተኛል፣ ላይ ለሚንሳፈፈው ሳይኖ ብዙም አይደርሰውም። አደገኛው ክሮሚየም 6 ነው፣ ክሮሜት ሆኖ ይሟሟል፣ ቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል ሴሉ ሰልፌት መስሎት በሰልፌት በር ያስገባዋል። ሰልፌት በበዛበት ውሃ ለዛ ነው ጉዳቱ የሚቀንሰው፣ በሩ ላይ ወረፋ አለ። (የጭቱ_ውሃ ክሮሜት ልትሞክሪ ካሰብሽ ዛሩክ ውስጥ 1 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት እንዳለ አትርሺ፣ እዛም ያው ጣጣ ይጠብቅሻል።)

ማይክሮሲስቲስ ደግሞ በልጋግ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው፣ ልጋጉ ሜታል ይይዛል። ከሁሉም በላይ ግን ያንን አረንጓዴ የሚያመጣው ከእርሻው ከከተማው ከፋብሪካውም የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ያው ወንዝ መርዙንም ቀለቡንም አንድ ላይ ያመጣለታል፣ ቀለቡ ሟሙቶ ይደርሰዋል መርዙ አብዛኛው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ ሜታል የለውም ብሎ መደምደም አይቻልም። ጭቃው ውስጥ ምግብ የሚለቅሙትን አሳዎች ጠይቃቸው።


ሞጆ_ልጅ
ሐሙስ ከሰዓት

አሃ። ታዲያ መዳብ ይገድለዋል ካላችሁ ኮፐር ሰልፌት ገዝቶ መድፋት አይሻልም ወይ? አያቴ ለቲማቲም ይረጩት ነበር፣ ውድ አይደለም።


ሊምኖ_ዝዋይ
ሐሙስ ከሰዓት

ኧረ በፍጹም! ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ አሜሪካኖች ከ1904 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ሲደፉት ነው የኖሩት፣ ይሰራልም። ግን አውስትራሊያ ፓልም አይላንድ በ1979 ምን ሆነ መሰለህ፣ የመጠጥ ውሃው ግድብ አረንጓዴ ሆነ ብለው ኮፐር ሰልፌት ጨመሩበት፣ ሳይኖው ሞተ፣ ሲሞት ውስጡ የያዘውን መርዝ ሁሉ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ወደ 150 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ህጻናት ናቸው፣ ጉበትና ኩላሊት። ሴሉ በህይወት እያለ መርዙ በአብዛኛው ውስጡ ነው ያለው፣ በማጣሪያ ልታስቀረው ትችላለህ፣ ከፈነዳ በኋላ ግን ማጣሪያው አያቆመውም። ከብትና ሰው ከሚጠጣበት ውሃ ላይ ይሄን ማሰብ ራሱ ያስፈራል።


አረንጓዴ_ጤና
ሐሙስ ማታ

ወገኖች ስፓይሩሊና ከሰውነት ሄቪ ሜታል አጥቦ የሚያወጣ ተአምረኛ ነው፣ ንጹህ ዱቄት ያለን ሲሆን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር


ቤርሼባ_ሙላት
ሐሙስ ማታ

ሜታል የሚለጠፍበት ነገር እኮ ራሱ ሜታል ተለጥፎበት ይመጣል። የሴሉ ግድግዳና ልጋጉ ላይ አሉታዊ ቻርጅ አለ፣ እርሳስና ካድሚየም እዛ ይጣበቃሉ፣ ሞቶ ደርቆም ቢሆን፣ ለዛ ነው ፍሳሽ ውሃ ለማጽዳት የሚሞክሩት። ስለዚህ በቆሸሸ ውሃ ያደገ ዱቄት ቆሻሻውን ይዞ ነው ጣሳ ውስጥ የሚገባው። የእርሳስ፣ የካድሚየም፣ የአርሴኒክ፣ የሜርኩሪ እና የማይክሮሲስቲን የላብ ውጤት ካለህ እዚህ ለጥፈው፣ ከሌለህ ደግሞ በውስጥ መስመር አትጥራን።


ቀይ_ዳማ
ሐሙስ ማታ

ውስጥ መስመሩ ተዘጋ መሰለኝ


ሲያኖ_ሮስቶክ
አርብ ጠዋት

የጭቱ_ውሃ፣ ፓም ፍሎሮሜትር (ክሎሮፊሉ መልሶ የሚያበራውን ብርሃን የሚለካው) አላችሁ እንዴ? ካለ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለቅጠል እንደሚደረገው ጨለማ ውስጥ አስቀምጠሽ ኤፍቪ በኤፍኤም (የፎቶሲስተም 2 ጤንነት መለኪያ) ለክተሽ 0.4 ምናምን ሲመጣ ሞቷል ብለሽ እንዳትደነግጪ። ቅጠል ላይ 0.8 ነው ጤነኛው፣ ሳይኖ ላይ ግን ፋይኮሳያኒኑ ራሱ ስለሚያበራና ፎቶሲስተም 1 ስለሚቀላቀልበት ቁጥሩ ከመነሻው ዝቅ ይላል። ደሞ ሳይኖ ሪስፓይሬሽኑም ፎቶሲንተሲሱም አንድ ሜምብሬን ላይ ስለሆነ ጨለማ ስታስገቢው ኤሌክትሮን መጋቢያው ይሞላል፣ ትክክለኛውን ኤፍኤም አታገኚም። ዲሲኤምዩ (ከፎቶሲስተም 2 የሚወጣውን ኤሌክትሮን የሚያግድ ኬሚካል) ጨምረሽ በብርሃን ለኪው፣ ያኔ ነው እውነተኛው ከፍታ የሚወጣው። በተለይ ለጨው፣ ጨው ሪስፓይሬሽኑን ስለሚጨምር ይሄን ካላደረግሽ ፎቶሲስተም 2 ሳይጎዳ የተጎዳ ሊመስልሽ ይችላል።


የጭቱ_ውሃ
አርብ ከሰዓት

ፓም የለንም፣ ጎረቤት ዲፓርትመንት ክላርክ ኤሌክትሮድ (ኦክስጅን መለኪያ) አለ፣ ሜምብሬኑ ካላረጀ እሱን እለምናለሁ። ብርሃኑን ግን እናስተካክላለን፣ ሌላ ኤልኢዲ በመደርደር 500 ድረስ መድረስ ይቻላል፣ ሙቀቱን በውሃ ባዝ እይዘዋለሁ።

አድቫይዘሬን ዛሬ አናገርኩት። የኢዲቲኤውን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሰርቼ ሰጠሁት፣ ዝም ብሎ አይቶ አይቶ "ማነው የነገረሽ" አለኝ። ርዕሱን አልቀየረም ግን ሁለት ሚዲያ እንዳደርገው ተስማማ፣ ሙሉ ዛሩክና ኢዲቲኤ የሌለው ባይካርቦኔት፣ ሶዲየማቸው እኩል። ካድሚየምንና እርሳስን ከልክሎኛል፣ ቆሻሻው የሚወገድበት ቦታ ስለሌለን፣ እሱ ላይ እኔም አልተከራከርኩም። መዳብና ዚንክ ብቻ ይቀራሉ ማለት ነው።

ሊምኖ_ዝዋይ አንተ ጋር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ የአቢጃታን ውሃ እንደ ሶስተኛ ሚዲያ ብጨምረውስ?


ሊምኖ_ዝዋይ
አርብ ማታ

ብትጨምሪው ደስ ይለኛል ግን ውሃው አንድ አይነት እንዳልሆነ እወቂ። አቢጃታ ውሃዋ እየሸሸ ጨዋ እየጠነከረ የሄደ ሀይቅ ናት፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም አለ፣ የሚገቡባት ወንዞች ለመስኖ መወሰዳቸውም አለ። በዛው ስምጥ ሸለቆ መተሐራ ያለችው በሰቃ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሆነባት፣ እየሰፋች መንገድና ባቡር ሀዲድ እስክታስቸግር ድረስ፣ ጨዋም እየቀጠነ ሄዷል። ስለዚህ የቀዳሽበትን ቀን ኮንዳክቲቪቲና አልካሊኒቲ ራስሽ ለኪ፣ ካለፈ ጽሁፍ ቁጥር ገልብጠሽ እንዳታስገቢ። አጣሪው፣ በ0.45 ማይክሮን፣ አለበለዚያ የሀይቁ አልጌ ካንቺው ጋር ይቀላቀላል።

ቢሾፍቱ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ሀይቅንም አስቢያት፣ ለመሄድ ቅርብ ናት። በ1973 (እ.ኤ.አ.) እነ ታሊንግ ያሳተሙት ስራ አለ፣ የፕላንክተን ፎቶሲንተሲስ እስከየት ድረስ ሊወጣ ይችላል የሚለውን ጥያቄ የመለሱት በሷና በኪሎጤ ሀይቅ ነው። አልጌው ከመብዛቱ ብርሃኑ አንድ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ያልቃል። ያን ያነበበ ሰው 40 ማይክሮሞል ላይ ስለ ሶዳ ሀይቅ ፎቶሲንተሲስ አያወራም፣ ላይ ላዩ ያለው ይቃጠላል ታች ያለው ጨለማ ነው፣ ነፋስ ሲያማስለው ሁለቱን ይፈራረቃል።


የጭቱ_ውሃ
አርብ ማታ

እሺ። አንድ የቀረኝ ተራ ጥያቄ ነው፣ ማጠቢያው። ሴንትሪፉጅ ሞከርኩ ግማሹ ይንሳፈፋል ግማሹ ይወርዳል፣ ፊልተር ፔፐሩ ደግሞ ወዲያው ይደፈናል። ጋሼ በወንፊት ያሉት ምን አይነት ወንፊት ነው?


ቤርሼባ_ሙላት
አርብ ማታ

ጋዝ ቬሲክል (ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች) ስላለው ነው የሚንሳፈፈው፣ በሴንትሪፉጅ አትታገዪው። ናይለን መረብ ነው፣ 50 ማይክሮን አካባቢ፣ ስፓይሩሊና ረጅም ጥምዝ ስለሆነ ያልፋል ብለሽ አትፍሪ፣ ላይ ይቀራል። እኛ እርሻው ላይም ያው ነው፣ መጠኑ ሰፋ ይላል እንጂ።


ቀይ_ዳማ
አርብ ማታ

በመጨረሻ የማውቀው ነገር መጣ! ቲሸርት የሚያትሙት ቤቶች ስክሪን ላይ የሚወጥሩት ጨርቅ እኮ ናይለን ወይ ፖሊስተር መረብ ነው። ወንድሜ ስራው ነው፣ በሴንቲሜትር 120 ክር የሚሉት አለ፣ ቀዳዳው ወደዛው 50 ማይክሮን ይጠጋል ይላል። በሜትር ይሸጣሉ፣ ቁራጭም ብትለምኚያቸው ይሰጡሻል።


አሮጌው_ኬሚስት
ቅዳሜ ጠዋት

ይሆናል። አዲሱን ቁራጭ ውሰጂ፣ ቀለም የነካው ከሆነ እንዳትወስጂ፣ የማተሚያ ቀለም ውስጥ መዳብ ያለበት ሰማያዊ አለ። በአሲድ ሳይሆን በኢዲቲኤ ውሃ አጥበሽ በዲስቲልድ ደጋግመሽ አለቅልቂው፣ ናይለን አሲድ አይወድም።


የጭቱ_ውሃ
ቅዳሜ ጠዋት

ቀይ_ዳማ የወንድምህን ሰፈር በውስጥ መስመር ጣልልኝ፣ ሰኞ ከላብ በፊት እሄዳለሁ።